ሃምሳ ሎሚ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱን የምንሰማው የለቅሶ ድንኳን ሲተከል፣ በደቦ ሲታረስ፣ ለታመመ ጎረቤት መዋጮ ሲሰበሰብ ነው። ስለ ችሎትና ስለ ጠበቃ ሲነገር ሰምቼው አላውቅም። ይሁንና በ1992 ዓ.ም. የወጣውን የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ፣ ቁጥር 57ን፣ ሳነብ ተረቱ ሳልጠራው መጣ። ደንቡ ጠበቃ የሆነ ሁሉ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የሕግ አገልግሎት እንዲሰጥ ያዝዛል። ለእነማን እንደሆነም ይዘረዝራል፦ መክፈል ለማይችሉ ሰዎች፣ ለበጎ አድራጎትና ለሲቪክ ድርጅቶች፣ ለማኅበረሰብ ተቋማት፣ ፍርድ ቤት አገልግሎቱ እንዲሰጣቸው ለሚጠይቅላቸው ሰዎች፣ ሕግንና የፍትሕን ሥርዓት ለማሻሻል ለሚደክሙ ኮሚቴዎችና ተቋማት።

ሃምሳ ሎሚ፤ ሃምሳ ሰዓት።

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ቀን በባንክ መስኮት ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ደግሞ እንቅልፍ እስኪጥለኝ ድረስ የቃላትን ቤት እቆጥራለሁ። በሁለቱም ሥራ የሚገጥመኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ የተባለውና ያለው ይመጣጠናል ወይ? ስለ እነዚህ ሃምሳ ሰዓታት ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ጥያቄ ነው።

አስቀድሜ ወደ ቃሉ ልግባ። «ጠበቃ» የሚለው ስም «ጠበቀ» ከሚለው ግስ የተወለደ ነው። «ጠበቀ» ስንል ተከላከለ፣ ዘብ ቆመ ማለታችን ነው፤ ደግሞም ቆይቶ ተመለከተ፣ ተስፋ አደረገ ማለታችን ነው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን ለአንባቢው ጆሮ ትቶታልና «ይጠብቃል» ብለን የጻፍነው ቃል በአንድ ንባብ እረኛው በጎቹን፣ በሌላ ንባብ ገመዱ ራሱን የሚያጠብቅበት ነው። የሚጠብቅ ዘብ፣ የሚጠብቅ ተስፈኛ፣ የሚጠብቅ ቋጠሮ በአንድ ቃል ጥላ ሥር ተሰብስበዋል። በፍርድ ቤት ደጃፍ አንድ ጠዋት ያሳለፈ ሰው ሦስቱንም በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ያገኛቸዋል፦ መዝገብ ያቀፈው ጠበቃ፣ ቀጠሮ የያዘው ባለጉዳይ፣ በሁለቱ መካከልም የተቋጠረው ነገር። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ድሃው ባለጉዳይ የሚጠብቀው ሞልቶለት ሳለ የሚጠብቀው የለውም። ቀጠሮውን ይጠብቃል፣ ዳኛውን ይጠብቃል፣ ጸሐፊውን ይጠብቃል፤ እሱን ግን ማንም አይጠብቀውም።

የቀድሞው ዘመን ሙግት ለሕዝብ የቀረበ ነበር። «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይባል ነበር። ሁለት ተጣይዎች መንገደኛ አስቁመው ዳኘን ሊሉት ይችሉ ነበር፤ ዛፍ ጥላ ችሎት፣ አላፊ አግዳሚ ታዛቢ ይሆን ነበር። ባለ ዕዳና ባለ ገንዘብ ልብሳቸው ተቋጥሮ በቁራኝነት እስከ ዳኛ ድረስ አብረው ይሄዱ ነበር። በላ ልበልሃ ሲባል ሙግቱ ራሱ ቅኔ ነበር፤ ተሟጋቹ በዘንጉ እያመለከተ፣ ነጠላውን እያጣፋ፣ ነገሩን በስንኝ እየቋጠረ ይሟገት ነበር። ግጥም እንደሚወድ ሰው ያንን ዘመን ባስታወሱት ቁጥር ልቤ ይሞቃል። ልብን የሚያሞቅ ነገር ሁሉ ግን ፍትሕ አይደለም። ጤፍ በሚቆላ ምላስ ፊት ኮልታፋው፣ ባላገሩ፣ ሴቲቱ፣ የሰው ቋንቋ የሚናገረው ምን ይውጣቸው ነበር? ለእነሱ የሚናገር ነገረ ፈጅ ያስፈልግ ነበር፤ ነገረ ፈጅም ዋጋ ነበረው። አንደበት ያኔም የሀብት ዓይነት ነበር።

ሕጉ በመጽሐፍ ሲታተምና ሙግቱ በጽሑፍ ሲሆን የአንደበት ሀብት ወደ ብዕር ተዛወረ። በየፍርድ ቤቱ አጥር ሥር የጽሕፈት መኪናቸውን ደቅነው ይቀመጡ የነበሩትን ራፖር ጸሐፊዎች የማያስታውስ የለም። ባለጉዳዩ ቁና ሙሉ ችግሩን ይዘረግፍላቸዋል፤ እነሱ በገጽ ሒሳብ እያስከፈሉ ያጥፉታል። ስንቱ ሰው ሊጠይቅ የሚገባውን ሳይሆን ጸሐፊው የለመደውን እየጠየቀ ተረታ! በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የዳኝነት መክፈል ያልቻለ ሰው «በድሃ ደንብ» እንዲከስ በር ከፍቷል። መልካም በር ነው። ግን በዚያ በር ለመግባት ሰው ድህነቱን በመሐላ ማረጋገጥ አለበት፤ ከገባም በኋላ የዳኝነቱ ክፍያ ይቀርለት እንጂ ምን ብሎ እንደሚከስ የሚነግረው ሰው ራሱን ችሎ መፈለግ ግድ ይለዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 ለተከሰሰ ሰው አቅም ባጣና ፍትሕ ሊጓደል በሚችልበት ጊዜ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ደንግጓል፤ በአንቀጽ 37 ደግሞ ፍትሕ የማግኘት መብትን ለማንም ሰው ሰጥቷል። የመጀመሪያው አንቀጽ የሚናገረው ስለ ተከሳሽ ነው። ቤቷን ልትቀማ የደረሰች መበለት፣ ደመወዙን የተከለከለ የቀን ሠራተኛ፣ ቀለብ የተቋረጠባት እናት ተከሳሾች አይደሉም። በእነዚህና በችሎቱ መካከል ያለውን ገደል የሚሞላው አንዳንዴ ሃምሳው ሰዓት ብቻ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላወቅሁትም። የባንክ መስኮት ሰው ሞቶ የተወውን የሚያሳይ መስኮት ነው። ከቀብር በኋላ ሰባቱ ወይም አርባው እንዳለፈ ጥቁር የለበሱ ሰዎች የሟችን የቁጠባ ደብተር በጨርቅ ጠቅልለው ይመጣሉ። እኛም የምንለው አንድ ነው፦ «ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያምጡ»። ትእዛዙ ትክክል ነው፤ ገንዘቡ የሟችም የወራሾቹም አደራ ነውና ጥቁር ለለበሰ ሁሉ አይከፈልም። ቢሆንም «ያምጡ» የምትለው ቃል ከኔ ምላስ ላይ ቀላል ሆና በሰሚው ትከሻ ላይ ስትወርድ ምን ያህል እንደምትከብድ በየዓይኑ አነበዋለሁ።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት አንዲት ሴት እንዲህ መጡ። የባንክ ምስጢር ነውና ስማቸውንም ሰፈራቸውንም አልናገርም። ባለቤታቸው በአንድ መጋዘን ዘበኛ ነበሩ፤ ሌሊት ሌሊት የሰው ንብረት ሲጠብቁ ኖረው በሳንባ በሽታ ዐረፉ። በደብተሩ ላይ 86,400 ብር ነበር። ከእያንዳንዱ ደመወዝ ላይ እየተቀነሰ፣ አንዳንዱ ወር በሁለት መቶ፣ አንዳንዱ ወር በሃምሳ ብር የተጠራቀመ ገንዘብ ነው፤ ገጹን ብታገላብጡት የአንድ ቤተሰብ የጦም ቀናት ዝርዝር ይመስላል። «ያምጡ» አልኳቸው። ሄዱ። ከሁለት ወር በኋላ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

«ምን አሉዎት እትዬ?» አልኳቸው።

«ሚስት ወራሽ አይደለችም አሉኝ ወንድሜ» አሉ። «የባሌ ወንድም ደግሞ ሚስቱም አይደለችም፣ ቤቱ ስትሠራ የቆየች ናት ብሎ ተቃወመኝ። ሁለት ልጅ ወልጄለት!» አላለቀሱም። ነጠላቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አደረጉና ከሰልፉ ወጡ።

የነገሩ መራራነት የገባኝ ዘግይቶ ነው። «ሚስት ወራሽ አይደለችም» ያላቸው ሰው አልዋሸም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ኑዛዜ ሳይኖር ሰው ሲሞት በመጀመሪያ የሚወርሱት ልጆቹ ናቸው፤ የትዳር ጓደኛ ከወራሾች ተራ አልገባም። ነገር ግን ያላቸው ሰው ያልነገራቸው ሌላ ግማሽ እውነት ነበር። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዳቸው ስም ብቻ ቢመዘገብ እንኳ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። እንግዲህ ሴትየዋ ከባላቸው ገንዘብ ድርሻ ለመለመን አልነበረም መሄድ ያለባቸው፤ ግማሹ ከመጀመሪያው የራሳቸው ነበር። በባህል ተጋብተው ወረቀት ባይኖራቸውም ይኸው ሕግ የባህልና የሃይማኖት ጋብቻን ያውቃል፤ ወረቀት በሌለበትም ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት መኖራቸውንና ዘመድ ጎረቤትም እንደዚያ ያያቸው እንደነበር በምስክር ማስረዳት ይቻላል። ሴትየዋ በእጃቸው ያለውን እየለመኑ ነበር። በዚያች አገር ሕግ የማያውቅ ሰው ማለት፣ የራሱን ገንዘብ ከራሱ ቤት ለመውሰድ ፈቃድ የሚለምን ሰው ማለት ነው።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ብቻቸውን አልነበሩም። ሠላሳ ዓመት የማይሞላት አንዲት ጠበቃ አብራቸው ነበረች። የጋብቻውን መኖርና የንብረቱን የጋራነት የሚያረጋግጥ ውሳኔ፣ የልጆቹ የወራሽነት ማስረጃ፣ የእናትየዋ ሞግዚትነት፣ ሁሉም በቅደም ተከተል ተያይዞ ቀረበልኝ። የሰነዶቹን ቁጥር ስመዘግብ ሴትየዋ ጎናቸው ያለችውን ልጅ እግር እያዩ «አንድ ብር አልተቀበለችኝም» አሉ፤ ለእኔ ነው ለእግዜር የነገሩት አላውቅም። ጠበቃዋ ቀለል አድርጋ «ከሃምሳው ሰዓቴ ላይ ነው እትዬ፤ ዕዳዬን ነው የከፈልኩት» አለች። ስለ ሃምሳው ሰዓት የሰማሁት ያኔ ነው። የዚህ መዝገብ ስንት ሰዓት እንደ ፈጀ ጠየቅኋት። «ወደ ሃያ ሁለት» አለችኝ፤ «ግማሹ ግን መጠበቅ ነው»። ቃሉን አውቃ የተጫወተችበት አይመስለኝም።

«ዕዳዬ» ያለችው ከአእምሮዬ አልጠፋም። ለድሃ በነጻ የሚሠራን ሰው ስናመሰግን «ጽድቅ ሠራ» እንላለን፤ ነፍሱን ይማር እንላለን፤ እናቱን እናመሰግናለን። ምስጋናው መልካም ነው። ጽድቅ ግን በባሕርዩ የሰጪው ነው፤ ሲፈልግ ይሰጣል፣ ሲደክመው ያቆማል፣ ተቀባዩም ምን ጎደለ ብሎ አይጠይቅም። ዕዳ ሌላ ነው። ዕዳ መጠን አለው፣ ቀን አለው፣ ባለ ገንዘብ አለው። ጥብቅና ማንም ብድግ ብሎ የሚሠራው ሥራ አይደለም፤ ፈቃድ ያለው ብቻ በሰው ምትክ ችሎት እንዲቆም ሕዝቡ በሕጉ አማካይነት በር ዘግቶለታል። በሩ ለጥቂቶች ሲዘጋ ውጭ የቀሩት ሰዎች የሆነ ነገር ከፍለዋል ማለት ነው። ሃምሳው ሰዓት የዚያ ኪራይ ነው። በሌላው ዓለም ላቲኖቹ «ለሕዝብ በጎ» ከሚሉት ሐረግ ተወስዶ «ፕሮ ቦኖ» ይባላል። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1993 በአርአያነት ባወጣው ደንብ ጠበቃ በዓመት 50 ሰዓት በነጻ ለመሥራት እንዲተጋ ይመክራል፤ ቁጥሩ ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ ነገር ግን የእነሱ ማሳሰቢያ፣ የእኛ ግዴታ ነው። በወረቀት ላይ እኛ ቀድመናል ማለት ነው።

ወረቀቱን ትተን ወደ ሥራው ስንመጣ፣ የነጻ ሥራ ምን ያህል ሩቅ ሊደርስ እንደሚችል የሚያሳይ ታላቅ ምስክር በአገራችን አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ገና አንድ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አንድ መዝገብ ደረሰው። በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለጋብቻ ተጠልፋ ተደፈረች፤ ስታመልጥም ጠላፊዋን በጠመንጃ ገደለች፤ በነፍስ ግድያም ተከሰሰች። ታሪኳ ከጊዜ በኋላ «ድፍረት» የተባለ ፊልም ወጥቶበታል፤ ስሟን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ከስሟ በላይ የሆነ ሸክም ተሸክማ ኖራለችና እኔ ግን አልደግመውም። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊና ማኅበሩ በነጻ ቆሙላት። ከሁለት ዓመት ያህል ሙግት በኋላ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው መሆኑ ታምኖ ነጻ ወጣች።

ያን ጊዜ የሚሠራበት የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕግ ካገባት በጠለፋው እንዳይከሰስ መንገድ ይሰጠው ነበር። በደሉ ራሱ የበደሉ መድኅን ይሆን ነበር ማለት ነው። ማኅበሩ እንደዚህ ያሉትን መዝገቦች ይዞ፣ ሌሎችም የሴቶች መብት ተሟጋቾች ተጨምረው ሕጉ እንዲለወጥ ዓመታት ደከሙ። በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ለጋብቻ ብሎ ሴት የጠለፈን ሰው ከሦስት እስከ ዐሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ ጋብቻ መፈጸሙም ከቅጣት እንደማያድነው በግልጽ ይናገራል። ወይዘሮ መዓዛ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ፤ በ2015 ዓ.ም. እስኪለቁ ድረስም አገለገሉ። ከአንዲት ልጅ መዝገብ የተነሣ ነገር እስከ ሕጉ መጽሐፍ ድረስ እንዲህ ይሄዳል። ለአንድ ሰው በነጻ የተሠራ ሥራ ለአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ጠበቃው በአንድ መዝገብ ውስጥ ሕጉ የት ላይ እንደሚያነክስ ያያል፤ ያየውን መናገር ደግሞ ሁለተኛው የነጻ ሥራ ነው።

ያው ታሪክ ሌላም ነገር ያስተምራል። ነጻ የሚባለው ነገር ለተቀባዩ እንጂ ለሰጪው ነጻ አይደለም። ቢሮ ኪራይ አለው፣ ወረቀት ዋጋ አለው፣ ከአዲስ አበባ አሰላ መኪና ያስፈልጋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ ቁጥር 621፣ ከገቢያቸው ከዐሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብትና በሴቶች መብት ላይ እንዳይሠሩ ከለከለ። ማኅበሩ ክፉኛ ተጎዳ፤ የባንክ ሒሳቡ ታገደ፣ ሠራተኞቹ ተመናመኑ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በቁጥር 1113 እስኪተካ ድረስ ዐሥር ዓመት አለፈ። በእነዚያ ዓመታት ሥራው ጨርሶ ያልጠፋው በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ የሕግ ባለሙያዎች ስለነበሩ ነው። ሸክሙ ጥቂቶች ላይ ወደቀ፤ ሃምሳው ሎሚ ባንድ ቅርጫት ገባ። በጎ ሰዎች እንደሚደረገው ተሸከሙት። እኛም እንደ ልማዳችን አደነቅናቸው እንጂ ከቅርጫቱ አንድ ሎሚ አላነሣንላቸውም።

እንግዲህ ወደምለው ደረስሁ። በአገራችን እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ ሕጉ የሚያውቀው ጠበቃን እንጂ የጥብቅና ድርጅትን አልነበረም። ጓደኛሞች አንድ ቢሮ ተከራይተው አንድ ጸሐፊ ቢጋሩ እንኳ በሕግ ፊት እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ነበሩ። በዚያ ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ጠበቆች በሽርክና ተደራጅተው ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቀደ። ብዙዎች ይህን የንግድ ዜና አድርገው አነበቡት፤ ከውጭ ባለ ገንዘቦች ጋር ለመዋዋል፣ ትልልቅ ሥራ ለመያዝ ይበጃል ብለው። ልክ ናቸው። እኔ ግን በመስኮቴ በኩል ሌላ ነገር ይታየኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሃምሳ ሎሚን የሚካፈሉ ሃምሳ ሰዎች በሕግ በአንድ ጣሪያ ሥር ሊገናኙ ይችላሉ።

ብቻውን የሚሠራ ጠበቃ የነጻ መዝገብ ሲይዝ ሲታመም መዝገቡ አብሮት ይታመማል፤ ወደ ክፍለ ሀገር ሲሄድ ቀጠሮው ይለወጣል፤ ልጁን ሲድር ድሃው ይጠብቃል። ድርጅት ግን አይታመምም። አንዱ ሲቀር ሌላው ይቆማል፤ የንግድ ሕግ የሚያውቀው ለእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ያረቅቃል፤ የቤተሰብ ሕግ የሚያውቀው ለመበለቲቱ ይቆማል፤ ገና ከትምህርት ቤት የወጣው ልጅ ምስክር ያናግራል፣ አንጋፋው የጻፈውን ያርምለታል። ሒሳቡን እናስላው። ዐሥር ጠበቆች ያሉት ድርጅት በዓመት 500 ሰዓት አለው። ያቺ ወጣት ጠበቃ ለአንድ መዝገብ 22 ሰዓት ከፈጀባት፣ 500 ሰዓት ሃያ ሁለት ቤተሰብን ያቆማል፤ ጥቂት ሰዓትም ይተርፋል። ለእያንዳንዱ ጠበቃ ሲካፈል ደግሞ በሳምንት ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ ከወዳጅ ጋር ቡና የሚጠጣበት ጊዜ ነው።

ነገር ግን ቃል ኪዳን ሁሉ ሥራ አይደለም። «ለማኅበረሰባችን በነጻ እናገለግላለን» የሚል ጽሑፍ በግድግዳ ላይ በወርቅ ቀለም ሊጻፍ ይችላል። በእኔ መሥሪያ ቤት ያለውን ልማድ ልንገራችሁ። ማታ የዕለቱ ሒሳብ ሳይዘጋ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። አንድ ብር ብትጎድል ትፈለጋለች፤ አንድ ብር ብትተርፍም ትፈለጋለች። አንዷ ብር ባንኩን ስለምታከስር አይደለም፤ ያልተመዘገበ ነገር ነገ የማንም እንዳልሆነ ስለምናውቅ ነው። የነጻ ሰዓትም እንዲሁ ነው። የሚከፈልበት ሰዓት ደንበኛው ስለሚያስታውሰው አይጠፋም። የነጻው ሰዓት ግን አስታዋሽ የለውም፤ ሥራ ሲበዛ አስቀድሞ የሚወሰደው እሱ ነው፤ ሲወሰድም ድምፅ አያሰማም። ስለዚህ ይህን ቃል የገባ ድርጅት ሲያጋጥመኝ ሦስት ነገር ልጠይቀው እወዳለሁ። የነጻው ሰዓት የሚጻፍበት መዝገብ አለ ወይ? ወጣቱ ጠበቃ ለድሃው የሠራበት ሰዓት ዕድገቱ ሲታሰብ እንደ ሥራ ይቆጠርለታል ወይስ እንደ ዕረፍት? የነጻው መዝገብ ከመቅረቡ በፊት የከፋዩን መዝገብ ያረመው ዓይን ያርመዋል ወይ?

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይከብደኛል። ለነጻ ነገር ጉድለቱን ይቅር ማለት ልማዳችን ነው፤ የተሰጠን በቅሎ ጥርሱን አናይም። የሰው ቤትና የልጅ ቀለብ ግን በቅሎ አይደለም። በደካማ ክርክር የተረታች መበለት በነጻ ስለተረታች ከርታታነቷ አይቀንስም። በቋንቋችን «ነጻ» ማለት ያለ ዋጋ ማለት ብቻ አይደለም፤ ከእሥር የተፈታም፣ ከበደል የጠራም ነጻ ነው። ያለ ዋጋ የሚሰጠው አገልግሎት ሁለተኛውን ነጻነት ካላስገኘ የመጀመሪያው ስሙ ብቻ ነው።

ጠበቆችም መልስ አላቸው፤ እሰማዋለሁ። ጠበቃም ይበላል፤ ግብር ይከፍላል፤ ኪራይ ይጨምርበታል። ደግሞስ ለድሃ ጠበቃ ማቆም የመንግሥት ግዴታ ሆኖ ሳለ ለምን በእኛ ላይ ይላከካል? ሁለቱም እውነት ነው። በነጻ የሚሠራ ጠበቃ በመኖሩ መንግሥት ተከላካይ ጠበቆቹን የሚያመናምን ከሆነ ያ ድሃውን መርዳት ሳይሆን መንግሥትን ከዕዳው ማስጣል ነው። ሁለት ባለ ዕዳዎች ቢኖሩ ግን አንዱ አልከፈለም ተብሎ ሁለተኛው አይፈታም። በጥንቱ ሥርዓት ቢሆን ሁለቱንም ልብሳቸውን ቋጥረን ወደ አንድ ዳኛ በሸኘናቸው ነበር።

ያቺ ጠበቃ ያን ዓመት ሃያ ስምንት ሰዓት ቀርቷት ነበር። ለማን እንደ ሰጠችው አላውቅም። ምናልባት ለአንድ እድር፣ ምናልባት ደመወዙን ለተከለከለ ግንበኛ። የማውቀው፣ ዛሬም በየመስኮቱ «ያምጡ» እየተባለ የሚሸኝ ሰው እንዳለና ከእነዚህ ብዙዎቹ ሊያመጡት የተጠየቁት ነገር ቀድሞም የራሳቸው እንደሆነ ነው። ይህን የሚነግራቸው ሰው ሁልጊዜ አንድ ደግ ሰው ከሆነ ሎሚው ሸክም እንደሆነ ይቀራል፤ ደጉ ሰው የደከመው ዕለትም ይበተናል። አንስተን ብንካፈለው ግን ለያንዳንዳችን የሚደርሰን በመዳፍ የሚያዝ፣ ሽታው የሚያውድ አንድ ፍሬ ነው።